ከሰንሰለት ሰንሰል ይሻላል

ባለፈው የጓሮዬን ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ በዝቷል። «ቲቸር፣ ያ ጎመኑ ዙሪያ የተጎነጎነው ነገር ምንድነው?» ትላላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

ሰንሰል ነው። ስሚዛ የምትሉትም አላችሁ። ገጠር ያደጋችሁ ነጩን አበባ እየነቀላችሁ ማሩን የመጠጣችሁበት ያ የአጥር ተክል።

ለምን እንደተከልኩት ግን ትንሽ ረዘም ይላል። ቡቺን ታውቁታላችሁ። ሌሊት ግቢያችንን የሚጠብቀው እሱ ነው። ቀን ፀሐይዋ ስትበረታ ግን ቀጥ ብሎ የሚሄደው ባለቤቴ ውሃ ያጠጣችው መደብ ላይ ነው። ቆፈር ቆፈር ያደርግና ቆስጣው መሐል ዝርግት! ተንኮል አይደለም። ውሻ እንደኛ መላ ሰውነቱን አያልበውም፤ ሲሞቀው የረጠበና የቀዘቀዘ አፈር ይፈልጋል። ግቢው ውስጥ እንዲህ ያለ አፈር ያለው ደግሞ እዚያ ብቻ ነበር። ባለቤቴም እውነት አላት። በጡረታ ለሚኖር ቤት ጎመንና ቆስጣ ጌጥ አይደለም፣ ምሳና ራት ነው። አንድ ቀን «ወይ እሱ ወይ ጎመኑ» አለችኝ።

የጎረቤት ምክር አንድ ነው፤ «እሰረዋ!» በሰፈራችን ደንቡ ይኼው ነው። ውሻው ቀኑን ሙሉ አጭር ሰንሰለት ላይ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። አንገቱ ይላጣል፣ ጠባዩ ይከፋል፣ እንግዳና ሌባ መለየት ያቅተዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ በር ላይ ጭራውን እየቆላ የተቀበለኝን ፍጡር እንዲህ ላደርገው ሆዴ እሺ አላለኝም። ቆርቆሮ እንዳልገዛ ደግሞ ዋጋውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰንሰል ግን ከዘመድ አጥር ላይ በነፃ ይቆረጣል፤ ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ከብትም ብዙ አይደፍረውም።

አሠራሩ ይኸውላችሁ። ጊዜው ሰኔ ማለቂያ ነው፣ ዝናቡ ሲይዝ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንግ ትቆርጣላችሁ። አናቱና ግርጌው እንዳይገለበጥባችሁ ምልክት አድርጉበት። አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሬት አስገቡት፤ ግን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን አዘንብላችሁ፤ አንዱን ወደ ቀኝ፣ ቀጣዩን ወደ ግራ። ሲተላለፉ እንደ ወንፊት ዓይን ይሠራሉ። የሚገናኙበትን ቦታ ከማዳበሪያ ጆንያ በመዘዛችሁት ክር እሰሩት። ሽቦ አይሆንም፤ ግንዱ ሲወፍር ሽቦው ይቆርጠዋል። ዶሮ ካላችሁ ከታች በኩል አጥብቁት፣ ዶሮ ሹልክ የምትለው በግርጌ ነውና።

ሥር እስኪሰድ ድረስ በውጭ በኩል ደረቅ እሾህ ደገፍ አድርጉበት። አዲሱ ቀንበጥ ሲረዝም አትቁረጡት። ገና ለጋ ሳለ አጎንብሳችሁ በክፍተቱ ውስጥ ሸምኑት፤ ከጠነከረ በኋላ ይሰበራል። አጥሩ ጉልበት ካለፈ በኋላ ግን አናቱን ከርክሙት፤ ያኔ ከታች ይደነድናል። የተከረከመውን ቅጠል እኔ መደቡ ላይ አለብሰዋለሁ፤ አፈሩን ከፀሐይ ይከልላል።

«ቅንጭብስ አይሆንም ወይ?» ላላችሁኝ፣ ልጅና ውሻ ባለበት ግቢ አልመክርም። ነጩ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ያቃጥላል። ድመት ያላችሁ ደግሞ ከዚህ አጥር ብዙ አትጠብቁ፣ ትዘለዋለች። ለእሷ ዘር የዘራችሁበት አፈር ላይ ጭራሮ በተን በተን አድርጉበት፤ የምትጭረው ባዶ አፈር ስታጣ ሌላ ቦታ ትፈልጋለች።

አንድ ነገር ልጨምር። አጥሩ ብቻውን አልሠራም። ጌሾው ጥላ ሥር አፈሩን ቆፍሬ አለስልሼ፣ ረፋድ ላይ ውሃ እያርከፈከፍኩ ለቡቺም የራሱን መደብ ሠራሁለት። መጀመሪያ ተጠራጠረኝ፣ ዞረው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ተኛ። ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበር እኮ! ከኋላ ወንበር የሚረብሸውን ልጅ «ተው! ተው!» ብቻ ስትለው አይተውም። ጠመኔውን ስጠውና ሰሌዳ ጋ አቁመው፣ ሌላ ልጅ ይሆናል። ከእናንተ መሐል ይቺን የሚያነቡ፣ ራሳቸውን የሚያውቁ አሉ 😀። መከልከል ግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ «ያንተ ቦታ ደግሞ ይኸውልህ» ማለት ነው።

አሁን ጎመኑም አለ፣ ቡቺም አለ፣ ባለቤቴም ከሁለቱም ጋር ታርቃለች። በሚቀጥለው ሰኔ አጥሩን ስለምከረክም ዘንግ የምትፈልጉ ጆንያ ይዛችሁ ብቅ በሉ። ቡቺ ይጮህባችሁ ይሆናል፣ አይነክስም።