ከሮቢት ወደ ጓሳ፦ የትምህርት ቤት ጉዞ ምን ያስተምራል?



ቆላ ያደገ ልጅ ጓሳ ላይ መጀመሪያ የሚማረው ብርድን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ተማሪ ሳለን በጉዞ ስንሄድ ሹራብ የያዘው ጥቂት ነበር፤ አንድ ጋቢ ለሦስት ተካፍለን ቆምን።

ጭላዳ ዝንጀሮ ሣር ሲነጭ አየን። ቀይ ቀበሮ ባለማየታችን ግን ብዙዎቻችን ቅር አለን። ለካ ዋናው ትምህርት እግራችን ሥር ነበር! ጓሳ የሣር ስም ነው። መንዜው ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል። የአካባቢው ሰው ይህን ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ደንብ ጠብቆታል፤ ለዓመታት ይዘጋል፣ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል፣ ያኔ ባለመብቱ ሁሉ ያጭዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ማግስት ያ ሥርዓት ፈረሰ፤ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ሕዝቡ ራሱ ተሰባስቦ ጥበቃውን እንደገና አቆመው።

ታዲያ ይህ እኛን ይፋቶችን ምን አገባን? ሣሩ ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ከመንዝ ደጋ ከሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ እኛ ቆላ ይመጣል። ሽንኩርቱን የምናጠጣው፣ ውዱእ የምናደርገው ከተራራ በወረደ ውሃ ነው። ደጋው ከተራቆተ እኛ ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ አሸዋ ይጠብቀናል። ይህን በመጽሐፍ አንብበነው ነበር፤ የገባን ግን ያንን እርጥብ መሬት ስንረግጥ ነው።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከክፍላችን ለጉዞው መክፈል ያልቻሉ ልጆች ቀርተዋል። ከቀሩት አንዳንዶቹ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ልጆች ነበሩ። የውሃው ነገር ከማንም በላይ የሚያገባቸው እነሱ፣ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ቀሩ።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤታችሁ ጉዞ ካዘጋጀ በጀመዓ አዋጡና ቢያንስ አንድ መክፈል ያልቻለ ጓደኛችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጓሳ ከራቀ፣ የሮቢን ወንዝ ተከትሎ ግማሽ ቀን ወደ ላይ በእግር መውጣትም ጉዞ ነው። ወላጆችም ልጁ ሲመለስ ፎቶውን ብቻ አይታችሁ አትለፉት፤ "ውሃው ከየት ይመጣል?" ብላችሁ ጠይቁት።

አላህ ያግራልን።