ቦምቡ ሳይፈነዳ ቦምቡን መፈተሽ

አሜሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የኑክሌር ቦምብ የሞከረችው ሴፕቴምበር 23 ቀን 1992 ነው፤ ኔቫዳ በረሃ፣ ከመሬት በታች። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ከዚያ ወዲህ አንድም አላፈነዳችም። ቦምቦቹ ግን ዛሬም በሺዎች አሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፕሉቶኒየምም ያረጃል። አብዛኛውን የሠራው ፋብሪካ ምርት ያቆመው በ1989 ነው። ቦምቡ ሲፈነዳ ተራ ፈንጂ መጀመሪያ ይህንን ፕሉቶኒየም ከየአቅጣጫው ይጨምቀዋል። ያረጀ ፕሉቶኒየም ሲጨመቅ እንደ አዲሱ ይሆናል ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

መልስ ከሚፈለግባቸው ቦታዎች አንዱ አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ነው። መሣሪያው «ዚ ማሽን» ይባላል።

አሠራሩ፣ ኤሌክትሪክን ቀስ ብሎ አጠራቅሞ በቅጽበት መልቀቅ ነው። 33 ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ክብ ውስጥ 36 የኃይል መስመሮች እንደ ጋሪ ጎማ ዘንጎች ወደ መሃል ይገባሉ። ዳር ዳሩን ካፓሲተሮች ዘይት ውስጥ ተነክረዋል። የሚያጠራቅሙት ጉልበት 20 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ቁጥሩ አያስደንግጣችሁ! የቤት ኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንጀራ ሲጋገርበት የሚበላው ነው። ጉዱ ያለው ፍጥነቱ ላይ ነው። ከዚህ ጉልበት መሃል የሚደርሰው የሚለቀቀው አንድ ሰከንድ ለአሥር ሚሊዮን ቢከፈል በሚደርሰው ጊዜ ውስጥ ነው። ያኔ ከረንቱ 26 ሚሊዮን አምፒር ይደርሳል፤ ተራ መብረቅ 30 ሺህ ገደማ ነው።

ይህን ያህል ከረንት በብረት ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ማግኔት ራሱ ይገፋል። ስስ ሳህን በሰከንድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ያስወነጭፋል፤ ከክላሽ ጥይት ከ40 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ሳህኑ ናሙናውን ሲመታ የሚፈጠረው ግፊት ከምድር እምብርት ይበልጣል። ሳይመቱም ናሙናውን በማግኔቱ ብቻ መጭመቅ ይቻላል፤ እንደ ምቱ ስለማያግለው ለብዙ ጥናት የሚመረጠው ይኸኛው ነው። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መሃሉ ስብርብሩ ይወጣል። ጠርጎ መልሶ መግጠም ስለሚያስፈልግ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ መተኮስ ከባድ ነው።

ማሽኑ የቦምብ ብቻ አይደለም። በ2015 የታተሙ ሁለት ጥናቶችን ብቻ እንይ። አንዱ ፈሳሽ ዲዩቴሪየም፣ ማለትም ከባዱ ሃይድሮጅን፣ በ3 ሚሊዮን ከባቢ አየር ገደማ ግፊት ወደ ብረትነት ሲለወጥ አሳየ፤ የጁፒተርን ሆድ ለማወቅ ይረዳል። ሌላው ብረት በግጭት የሚተነው ቀድሞ ከተገመተው ባነሰ ግፊት መሆኑን አገኘ። ስለዚህ ከጨቅላዋ ምድር ጋር የተጋጩ አካላት የብረት እምብርት ተንኖ በላይዋ ሳይዘንብባት አልቀረም።

ኦክቶበር 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የኑክሌር ሙከራ እንዲጀመር ማዘዛቸውን ሲናገሩ ዓለም ደነገጠ። የኃይል ሚኒስትራቸው ቀጥለው «የኑክሌር ፍንዳታ አይኖርም» ወደሚል ማብራሪያ ገቡ። እንዲህ ለማለት ያስቻላቸው እንደ ዚ ባሉ ማሽኖች ለዓመታት የተሰበሰበው ልኬት ነው። ይህን ሥራ «ቦምብን ዕድሜ ልክ ማቆያ ዘዴ» የሚሉ የጦር መሣሪያ ተቃዋሚዎች አሉ፤ አልተሳሳቱም። ሙከራን ሁሉ የሚያግደውን የ1996 ስምምነት አሜሪካ ፈርማ እስካሁን አላጸደቀችም። ሆኖም ማሽኑ ቢዘጋ ቦምቦቹ የትም አይሄዱም፤ የሚጠፋው «ማፈንዳት አያስፈልገንም» ብሎ የሚሟገተው ባለሙያ በእጁ የያዘው ማስረጃ ነው።