ሆስፒታል የተኛው ልጃችሁ ዛሬ ሸንቷል?



እዚህ ቤቴልም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ የታመመ ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣ ዘመድ "ትኩሳቱ ወረደለት? እህል ቀመሰ?" ይላል። "ሸና?" ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገጥመኝም። ስለ ሽንት ማውራት ነውር ይመስለናል። እኔ ጠዋት አልጋው ዳር ስደርስ ቀድሜ የምጠይቀው ግን እሱን ነው። ለምን መሰላችሁ?

በከባድ ተቅማጥ፣ በሳንባ ምች ወይም ወደ ደም በተሰራጨ ኢንፌክሽን የተኛ ልጅ ኩላሊቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። ድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት እንለዋለን። ተቅማጥና ትውከት የሰውነትን ፈሳሽ ሲጨርሱ ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። በዚህ ላይ እንደ አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል። ጄንታማይሲንም ኩላሊትን ሊነካ ይችላል፤ ሆኖም ሕይወት የሚያድን መድኃኒት ስለሆነ አትፍሩት፣ ክትትል እንዲደረግ ብቻ ጠይቁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ አንድ ጥናት በተለያዩ አህጉራት በሚገኙ 32 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተኙ 4,683 ሕፃናትንና ወጣቶችን ተከታትሎ ነበር። ከ4ቱ ከ1 በላይ የሚሆኑት ይህ ጉዳት ደርሶባቸዋል። ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ውጤት ነው፦ ሽንታቸው ከቀነሰው መካከል ሁለት ሦስተኛው በክሬአቲኒን የደም ምርመራ ብቻ ቢታዩ ኖሮ ጉዳታቸው ሳይታወቅ ያልፍ ነበር።

ስለዚህ ዳይፐር የምትቀይር እናት ላቦራቶሪው ያላየውን ልታይ ትችላለች።

እንዲህ አድርጉ፦

✅ ልጁ የሸናበትን ሰዓት ጻፉ። ዳይፐሩን ከመጣላችሁ በፊት ለነርሷ አሳዩ፤ ሚዛን ካለ ይመዘን። ከደረቁ ዳይፐር የበለጠው እያንዳንዱ ግራም 1 ሚሊ ሊትር ሽንት ነው ማለት ይቻላል።

✅ 10 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ6 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሊትር (ከሁለት የሾርባ ማንኪያ) በታች ከሸና ወዲያውኑ ተናገሩ።

✅ ፊቱ ወይም እግሩ ካበጠ፣ ሽንቱ ኮካ ኮላ ከመሰለ፣ ከወትሮው በላይ እንቅልፍ ከበዛበት ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ አትጠብቁ።

❌ ሽንት አነሰ ብላችሁ በራሳችሁ ውሃ አታብዙለት። ፈሳሽ የሚያስፈልገውም የሚጎዳውም ልጅ አለ፤ ሐኪሙ ይለየው።

❌ ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ከውጭ አገር የተላከ አድቪልም ሆነ ሌላ አይቡፕሮፌን ቤት ውስጥ አትስጡ። ኦ.አር.ኤስ (ለምለም) ጀምሩለትና ወደ ጤና ተቋም አምጡት።

"ኩላሊቱ ተጎድቷል" ስንላችሁ ብዙዎቻችሁ ዲያሊሲስ ትዝ ብሏችሁ ትደነግጣላችሁ። በጊዜ ከተደረሰበት ግን አብዛኞቹ ልጆች ያለ ዲያሊሲስ ያገግማሉ። ከዳኑ በኋላም በ3 ወር ገደማ የደም ግፊታቸውና ሽንታቸው ይታይ።

"ዶክተር፣ ልጄ ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም" ማለት ነውር አይደለም። እባካችሁ ንገሩን።

ልጅ ላስተኛ ወዳጃችሁ ይህን አጋሩት። እግዚአብሔር ሁሉንም ይማርልን።