በሁለት ብረቶች መካከል ስላለው ለስላሳ ነገር

አንባቢ ሆይ፤ ሰው ያረጀ ዕቃውን ሲመረምር አስቀድሞ የሚያየው ላዩን ነው። ቀለሙ ካልለቀቀ፥ ብረቱም ካልዛገ፥ ደኅና ነው ብሎ ይተወዋል። ዳሩ ግን ዕቃን ለአገልግሎት የሚያበቃው ብዙ ጊዜ በውስጡ የተሰወረው ትንሹ ነገር ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ግን የሚያስተውል የለም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከቆቦ ከተማ ወጥቼ በገጠር ወዳሉት አጥቢያዎች የምሄድበት፥ ከባሕር ማዶ የመጣ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ነው። የራያ ቆላ ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ለብስክሌት የተመቸ ይመስላል። ነገር ግን እንደ ጎሊናና እንደ ሆርማት ያሉት ወንዞች በክረምት ከምዕራቡ ደጋ ሲወርዱ ድንጋይና አሸዋ ይተዉበታል። የፊቱም ጎማ ድንጋይ በነካ ቁጥር ምቱ እስከ ትከሻዬ ይዘልቅ ጀመር።

የዚህ ዓይነቱ ብስክሌት የፊት እግሮች እያንዳንዳቸው አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚገባ ናቸው። በውስጣቸውም ኤላስቶመር የሚባል፥ ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ የሞላበት ለስላሳ ነገር ተደራርቦ ይቀመጣል። በአሜሪካ በኮሎራዶ ዳግ ብራድበሪ የሠራው ማኒቱ የተባለው እግር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዚህ አሠራር ታወቀ፤ ሮክሾክስ በ1995 ያወጣው ጁዲም ይህንኑ የያዘ ነበር። ድንጋይ ሲመታው ለስላሳው ነገር ተጨምቆ ግጭቱን በራሱ ይቀበላል፥ ወዲያውም ወደ ልኩ ይመለሳል። ነገር ግን በዘመን ብዛት እርጥበት እየበላው ወይ ደርቆ ይፈረፈራል፥ ወይም እንደ ሙጫ ይሟሟል። ሳይነዳ ቆሞ የኖረ ብስክሌት እንኳ ከዚህ አያመልጥም።

ጠጋኙ እግሩን በፈታው ጊዜ ከቱቦው የወጣው እንደ ዝፍት የሚጣበቅ ዝቃጭ ነበር። እኔም፥ የመኪና ጎማ ቆርጠህ ብታገባበትስ? ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም፥ «የኔታ፥ ድፍን ጎማ የሚጨመቀው ወደ ጎን የሚሰፋበት ቦታ ሲያገኝ ነው። በቱቦ ውስጥ ከታሰረ ብረት እንደ ማግባት ይቆጠራል» አለኝ። ከዚያም ዝቃጩን ጠርጎ፥ የቱቦውን ወርድና ቁመት ለክቶ፥ እንደ ክብደቴ መጠን የተመረጠ ሞላ በሁለቱም እግሮች አስገባ።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ሰሙን ካየ ወርቁን ሳይፈልግ አይቀርምና፥ ይህን ስሰማ የአገራችን ሽማግሎች ታሰቡኝ። በራያ ቆቦ ሁለት ወገኖች ደም ሲቃቡ ዘወልድ የሚባለው የሽምግልና ሥርዓት በመካከላቸው ይገባል። ሽማግሎቹ ከዚህም ከዚያም የሚወረወረውን ክፉ ቃል ተቀብለው ያበርዱታል፤ የሟችን ወገን ልቅሶ ይሰማሉ፥ የገዳይን ወገን ፍርሃት ያያሉ፥ ከዕርቅም ያደርሳሉ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ዕርቁ ነው፤ በመካከል ስለተጨመቁት የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

እነርሱም ያረጃሉ፥ ያልፋሉም። ጎልማሳው ወደ ከተማና ወደ ዐረብ አገር ሲሄድ፥ ከጎናቸው ተቀምጦ የነገሩን አያያዝ የሚማር እያነሰ ነው። ስፍራው ባዶ እንዳይታይ ብቻ ተብሎ ማንም ቢቀመጥበት ደግሞ አይበጅም። ላዩ ለስላሳ ሆኖ ልቡ በአንድ ወገን ቂም የተደፈነ ሽማግሌ፥ ያ ጠጋኝ እንደ ነገረኝ ድፍን ጎማ ነው፤ የሌላውን ቃል የሚያገባበት ቀዳዳ የለውምና በጭንቅ ቀን ብረት ሆኖ ይገኛል።

ካህናትና የከተማ ሊቃውንት ሆይ፤ ሽማግሎቻችን ገና በሕይወት ሳሉ ልጆቻችንን በአጠገባቸው እናስቀምጥ። የሚተካ ነገር በልኩ የሚሠራው አሮጌው ሳይጠፋ ተለክቶ ነው፤ ከሟሟ በኋላ ልኩን የሚነግረን አናገኝም። የብስክሌት ምት በትከሻ ላይ ያልፋል፤ የወገን ግጭት ግን የሚያርፈው በልጆቻችን ላይ ነው።