ሳይቃጠል በቅጠል

በ2016 ዓ.ም. የአንድ ወንድማችንን አባት ሙት ዓመት ያሰብነው ቀኑ ሳይደርስ ነበር። ያሳሳተን ራሳችን የሠራነው የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ነው። ጥቅምት 12 ኦክቶበር 22 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ይውላል አለን፤ እሑድ በመሆኑም ተሰብስበን ሻማ አበራን። በማግሥቱ እናቱ ከአገር ቤት ደውለው «ዛሬ አስበነው ዋልን» ቢሉት፣ ስልኩን እንደያዘ ዝም አለ። ስደተኛ ከቤተሰቡ ጋር በአንድነት የሚያስበው አንድ ቀን ቢኖረው፣ እሱኑ ነጠቅነው።

ፕሮግራሙን የጻፍነው በአራት ከተሞች ተበትነን የምንኖር አምስት ጓደኞች ነን። ጥፋቱን ስንመረምር አንዳችን ሥራውን ለማቃለል ሲል «መስከረም 1 ምንጊዜም ሴፕቴምበር 11 ነው» ብሎ መጻፉን አገኘን። ይህ በዘመናችን ለሦስት ዓመት እውነት ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ከሆነችበት ከዘመነ ሉቃስ ማግሥት ግን መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል። የሚያሳዝነው፣ ይህንኑ የሚጠይቅ ፍተሻ ሌላው ጓደኛችን አስቀድሞ ጽፎ ነበር። ፍተሻው ግን በእርሱ ኮምፒዩተር ብቻ ተኝቶ ቀረ።

ዩኒት ቴስት የሚባለው ለአንዲት ትንሽ የፕሮግራም ክፍል የሚቀርብ፣ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ በ1997 እ.ኤ.አ. ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ የጀመሩት ጄዩኒት ይህን ልማድ በጃቫ ጸሐፊዎች ዘንድ አስፋፋው። ሆኖም የማይጠየቅ ጥያቄ ካልተጻፈ አይሻልም። ኮንቲኒዩስ ኢንተግሬሽን የተባለው አሠራር ጉድለቱን ይሞላል፤ ማንም አንዲት መስመር ወደ ጋራው ማኅደር ባስገባ ቁጥር፣ መሣሪያው የሁሉንም ሥራ አዋሕዶ ፍተሻዎቹን በሙሉ ያስኬዳል። አንዱ ከወደቀ ቀይ ምልክት ለሁላችን ይታያል፤ እርሱ ሳይታረም አዲስ ሥራ አይጨመርም።

ሂስና ግለሂስን ለዓመታዊ ጉባኤ የምናቆይ ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ። ስህተት በተሠራበት ሰዓት ሲነገር ሰውን አያዋርድም፤ ሲከማች ግን ወዳጅን ያቀያይማል። እርግጥ መሣሪያው ከተጠየቀው በላይ አያውቅም፤ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ዛሬ ከፍተሻዎቻችን መካከል አንዲት መስመር አለች፦ ጥቅምት 12 ቀን 2016፣ ኦክቶበር 23 ቀን 2023። የጻፋት ያ ወንድማችን ነው።