አባታችን እግራቸውን ያላነቃነቁባቸው ሰዓታት

የልብ ምት መዛባት ሕክምና ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው ስለ ልብ ነው። ሐኪሙ ሥራውን ጨርሶ ከወጣ በኋላ ለሕመምተኛውና ለአስታማሚው የምትተርፈው ግን ብሽሽት ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት። አባታችን በ2015 ዓ.ም. አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሲታከሙ አስታማሚያቸው እኔ ነበርኩ።

በዚህ ሕክምና ደረት አይከፈትም። በብሽሽት በኩል ባለው ትልቅ ደም መልስ ቀጫጭን ቱቦዎች እስከ ልብ ይዘልቁና ምቱን የሚያዛባው ቦታ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይተኮሳል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ በአጫጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሠራል። የሚከፈተው ቀዳዳ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አንዳንዴ በሁለቱም ብሽሽት ነው። በዚያ ላይ ደም ረግቶ ወደ አንጎል እንዳይሄድ ሄፓሪን የተባለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይሰጣል። እንግዲህ ደሙ ቀጥኖ ሳለ ነው ቀዳዳው የሚዘጋው!

የአባታችንን ነርሷ በእጇ ተጭና አቆመችው። የደም መልስ ግፊት ከደም ቅዳ እጅግ ያነሰ በመሆኑ መጠነኛ ጫና ይበቃዋል። ሌሎች ሐኪሞች ቆዳውን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ሰፍተው ከሰዓታት በኋላ ክሩን ያወጣሉ። ሰውነት ቀስ በቀስ የሚያሟሟው የኮላጅን መድፈኛም አለ፤ በእርሱ የተዘጋለት ሰው በሁለት ሦስት ሰዓት ሊነሳ ይችላል። አባታችን ግን 6 ሰዓት በጀርባቸው መተኛት ነበረባቸው።

ዐስር ገባ። «አንሱኝ!» አሉ።

«አባባ፣ ተኝተው ይስገዱ እንጂ መነሳት የለም።»

«እኔ የታመምኩት ልቤን፤ እግሬ ምን ሆነና?»

ነርሷ ነገሩን ስትሰማ፣ ጭንቅላት ቀና ማድረግ እንኳ ሆድን ወጥሮ ደሙን ወደ ቀዳዳው እንደሚገፋው አስረዳች። እግራቸውን ሳናጥፍ ውዱእ አስደረግኳቸው፤ ሩኩዑንም ሱጁዱንም በዓይናቸው ምልክት ሰገዱ። አልሐምዱ ሊላህ፣ ለበሽተኛ የተሰጠው ማቅለያ እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ቤት ከገባን በኋላ ጭናቸው ጠቆረ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነው። እያደገ የሚሄድ እብጠት፣ የሚቀዘቅዝ ወይም የሚደነዝዝ እግር ግን ሐኪም ይፈልጋል። ቢደማ አስተኝቶ ቦታውን ሳያነሱ 10 ደቂቃ አጥብቆ መጫን ነው፤ ካልቆመ ወይም ብዙ ከፈሰሰ አምቡላንስ ይጠራል። አክስታችን ጥቁረቱን ሰምተው «ያንን ደም የሚያቀጥን ኪኒን ይተውት» ብለው በስልክ መከሩ። በፍቅር ነው፤ ሆኖም አደገኛ ምክር ነው። የእርሳቸው ዓይነት የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ከዚህ ሕክምና በኋላ ኪኒኑን ቢያንስ 2 ወር ይቀጥላል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቋረጥ አንጎል ውስጥ የደም መርጋት ሊያመጣ ይችላል።

ለአንድ ሳምንት ወንበር ላይ ሰገዱ፤ ከባድ ነገርም አላነሱም። የከበዳቸው የልጅ ልጃቸውን አለማቀፍ ነበር። ሕፃኑ እጁን ዘርግቶ ሲመጣ እኔ ቀድሜ እያነሳሁ አጠገባቸው አስቀምጠው ነበር።