የእናቴ መሳቢያ

ውድ አንባቢ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያፍሩበት አንድ አሮጌ ዕቃ ከቤትዎ አይጠፋም ብዬ እገምታለሁ። በእኔ ቤት ይህ ዕቃ ባለ አራት መሳቢያ ኮመዲኖ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳሉ ከአንድ የመርካቶ አናጢ ዘንድ ያሠሩት የዋንዛ ሥራ ሲሆን፣ በየመሳቢያው ፊት ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላው 8 እጀታዎች አሉት። እንጨቱስ ደኅና ነበር፤ ያሳፈረኝ ብረታ ብረቱ ነው። እጀታዎቹ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁረዋል፤ የቁልፉ መግቢያ ያለበት ሰሌዳ ደግሞ ከአሮጌ አረንጓዴ ቀለሙ ሥር ዝጎ ተላልጧል።

ለወር ደመወዝተኛ አዲስ ኮመዲኖ መግዛት ምን ማለት እንደ ሆነ እርስዎም ያውቁታልና ስለ እርሱ አላወራም። ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ በማግሥቱ ሊጠይቁን እንደሚመጡ በሰማሁ ጊዜ፣ ርካሹን መንገድ መረጥሁ። አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ብርማ ቀለምና አንድ ብሩሽ ገዝቼ ገባሁ። ስምንቱን እጀታዎች በካቻቪቴ ፈታሁና በአንድ ትሪ ላይ ከመርኋቸው። ሳላጥብ፣ ሳልፍቅ፣ ከነእድፋቸው ቀባኋቸው። ገና በወጉ ሳይደርቁ፣ እጄ እንዳነሣቸው መልሼ ገጠምኋቸው። ሲመሽ መብራቱን አብርቼ ብመለከት እንደ አዲስ ማንኪያ ያብለጨልጫሉ። በሥራዬ እጅግ ኰራሁ።

እናቴ ግን ያን ብልጭልጭታ ለማየት አልታደለችም። ዓይኗ ከደከመ 6 ዓመት አልፎታል፤ ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር አታይም። እኔም ከእርሷ ጋር በአንድ ጣራ ሥር እየኖርሁ ያላስተዋልሁት አንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም እያንዳንዱን መሳቢያ በእጀታው ታውቀው ኖሯል። የላይኛው መሳቢያ የቀኝ እጀታ መያዣው ከእግሩ ላልቷልና ሲነኩት ይንኳኳል፤ በዚያ ውስጥ መቁጠሪያዋና የገንዘብ መቋጠሪያዋ አለ። የሁለተኛው ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ያለ ምልክት አለበት፤ በዚያ ውስጥ መድኃኒቷ አለ። የሦስተኛው ጫፉ ተሰብሯል፤ በዚያ ውስጥ ነጠላዋና ቀሚሷ አለ። የታችኛው ምንም ጉድለት የለበትም፤ እርሱ የአባቴ ወረቀቶች ማስቀመጫ ነው።

«ከላይ ወደ ታች ቆጥራ ማግኘት አትችልም ነበርን?» ይሉኝ ይሆናል። ትችላለች። ነገር ግን እጇ ለስድስት ዓመት ያመነው ቍጥሩን ሳይሆን ምልክቱን ነበር። እሑድ ጠዋት ነጠላዋን ልታወጣ ተነሣች። በጣቷ ስትዳብስ ጫፉ የተሰበረውን እጀታ አገኘችና ሳበች፤ እጇ የገባው ከመድኃኒቱ ብልቃጥ ላይ ነው። የሚንኳኳውን ብትፈልግ አጣችው፤ ቀለሙ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ስለ ደረቀ ድምፁ ጠፍቷል። ጥቂት ዝም ብላ ቆመችና መሳቢያውን ቀስ አድርጋ ገፋችው። «ልጄ፣ እስኪ ነጠላዬን አምጣልኝ» አለችኝ።

እኔም አመጣሁላት፤ ነገሩን ከቁም ነገር አልቈጠርሁትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ መሳቢያ መክፈት ተወች። መድኃኒቷን «አምጣልኝ»፣ መቁጠሪያዋን «አምጣልኝ»፤ እኔ ቢሮ በዋልሁ ቀን ደግሞ እስክመለስ ትጠብቃለች። ከቤቷ ሥራ በገዛ እጇ የቀረላት ይህ ጥቂት ነገር ነበር። ይህንንም የወሰድሁባት እኔ መሆኔን የተረዳሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቀለሙም ይላጥ ጀመር። ቀለም በእጅ ቅባትና በጢስ ላይ አይዝምና ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእኔ ነበር። በነገሩ ተበሳጭቼ ስምንት አዲስ እጀታ ልገዛ ወደ ምናለሽ ተራ ወረድሁ። በመርካቶ ያልሄዱ ካሉ፣ ምናለሽ ተራ ማለት አሮጌ ብረት፣ ቆርቆሮና ጠርሙስ እንደገና ሕይወት የሚያገኝበት ሰፈር ነው፤ ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ዕቃ የሚወርደው እዚያ ነው።

ለናሙና የያዝሁትን አንድ እጀታ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተቀበሉኝ። በመጀመሪያ የሁለቱን ብሎኖች ርቀት ለኩ፤ 11 ሳንቲ ሜትር ሆነ። «የዛሬው እጀታ አብዛኛው 96 ወይም 128 ሚሊ ሜትር ነው፤ አይገጥምልህም፤ ኮመዲኖውን ልትበሳው ነው» አሉኝ። ቀጥለው ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት አንሥተው አስጠጉት፤ ማግኔቱ አልሳበውም። በጥፍራቸው ቀለሙን ጫር ቢያደርጉት ከሥሩ ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ናስ ነው። ናስን ብር ልታስመስለው ቀባኸው?»

«አላወቅሁም ነበር፣ ጋሼ» አልሁ።

«ሳያውቁ የሚቀባ ብዙ ነው» ብለው መለሱልኝና ሳይሸጡልኝ ሸኙኝ።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ልንገርዎ፤ ምናልባት እርስዎም አንድ ቀን በእጅዎ ይሠሩት ይሆናል። አስቀድመው ማዕድኑን ይወቁ። ናስ መዳብና ዚንክ ቀልጠው የተዋሐዱበት ስለ ሆነ ይጠቁራል እንጂ እንደ ብረት አይዝግም፤ ማግኔትም አይስበውም። ማግኔት ከሳበው ግን ላዩ ቢጫ ቢሆንም ውስጡ ብረት ነው፤ በስሱ የተለበጠ ነውና አጥብቀው ከፈተጉት ልባጡ ይለቃል።

ሁለተኛ፣ ሲፈቱ ቦታውን ምልክት ያድርጉ። አንድ ካርቶን ላይ የዕቃውን ፊት ሥለው፣ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ይሰኩት። የብሎኑ ራስ በአሮጌ ቀለም ተደፍኖ እንደ ሆነ፣ ካቻቪቴውን ከማስገደድ በፊት ስንጥቁን በምስማር ጫፍ ይጥረጉ።

ሦስተኛው ነገር የጤና ነውና አደራዎን ልብ ይበሉ። አሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ማዕድን ሊኖር ይችላል። አሜሪካኖች እንዲህ ያለውን የቤት ቀለም በ1978 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከልክለዋል። በእኛም አገር በ2018 በዚያው አቈጣጠር የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባውን ግን ማን ያውቃል? ስለዚህ አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፈትጉ፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት አእምሮ ጠንቅ ነው። እኔ እጀታዎቹንና ሰሌዳውን ምግብ በማይሠራበት አሮጌ ድስት ውስጥ ለብ ባለ እሳት ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል በውኃ ቀቀልኋቸው። ቀለሙ ለስልሶ በእንጨት ስንጥር እየተላጠ ወጣ። ድስቱ ወደ ማድ ቤት አልተመለሰም።

ናሱን በሳሙና ካጠብሁ በኋላ በሎሚና በጨው አሸሁት፤ ጥቁረቱ እንደ ጉም ተገፈፈ። አንዱን እጀታ ግን ይበልጥ ይጠራ ብዬ አቼቶ ውስጥ አሳደርሁት፤ ጠዋት ሳወጣው ወደ ሮዝ አድልቶ አገኘሁት። ለካስ አሲድ ሲቈይበት ከናሱ ዚንኩን እየበላ መዳቡን ይገልጠዋል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በብዙ ውኃ አጥቦ ማድረቅ ነው። ደግሞም አቼቶንና በረኪናን ከቶ አያዋሕዱ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል።

የቁልፉ ሰሌዳ ግን እውነተኛ ብረት ነበር፤ እርሱ ቀለም ይገባዋል። አቼቶ ውስጥ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ጠረግሁ፤ ሶዳ በተበጠበጠበት ውኃ አጥቤ ወዲያው በፀሐይ አደረቅሁት፤ ርጥብ ከቈየ በሰዓታት ውስጥ እንደገና ይዝጋልና። ከዚያ አንድ እጅ ፀረ ዝገት፣ በላዩም ሁለት ስስ እጅ ጥቁር ቀለም አልብሼ በሽቦ አንጠልጥዬ አደረቅሁት። በወፍራሙ አንድ ጊዜ ከመቀባት በስሱ ሁለት ጊዜ መቀባት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ ሥራ አይሆኑም፤ የአዲስ አበባ ክረምት ቀለም ቶሎ አያደርቅም።

ለቁልፉ ሆድ ዕቃ ደግሞ ዘይት ማብዛት አያስፈልግም፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል። የመጻፊያ እርሳስ ጫፍ በምላጭ ፍቀው ዱቄቱን ቢያስገቡበት ቁልፉ ይለሰልሳል። አይፍሩ፤ የመጻፊያው እርሳስ በስም እንጂ በግብር ከመርዛሙ እርሳስ ጋር ዝምድና የለውም፤ ውስጡ ግራፋይት ነው።

ሁሉም ተወልውሎ ካለቀ በኋላ ግን ዋናው ጥያቄ ቀረ። የትኛው እጀታ የየትኛው መሳቢያ ነው? ያን ቅዳሜ ቸኩዬ ስከምራቸው አንድም ምልክት አላደረግሁም። ስምንቱን በትሪ ላይ ደርድሬ በእናቴ ጭን ላይ አስቀመጥሁትና፣ «እማዬ፣ ቦታቸውን ንገሪኝ» አልኋት።

አንድ በአንድ ታነሣ ጀመር። ጠርዙን በአውራ ጣቷ አሸት ታደርጋለች፤ ታገላብጣለች። «ይኸ የመድኃኒቴ ነው።» «ይኸ የልብሴ።» ወደ ሮዝ ያደላውን በዓይኗ ባታየውም፣ «ይኸ የአባትህ ወረቀት ያለበት ነው፤ የግራው» አለችኝ። የሚንኳኳውን ስታገኝ ከጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ቀለሙ ወጥቶ ስለ ነበር ድምፁ ተመልሷል። እኔም ፒንሳዬን አንሥቼ፣ «አምጪው፣ እርሱን ላጥብቀው» አልኋት።

«ተው! አትንካው» አለችኝ። «ለአባትህም ላጥብቀው ሲሉ ያልኋቸው ይህንኑ ነው። ማታ ከሥራ ሲገቡ መምጣታቸውን የምሰማው በእርሱ ነበር፤ ቁልፋቸውን የሚያኖሩት እዚያ ነበርና።»

ፒንሳውን አስቀመጥሁ። አባቴ የቤቱን ቁልፍ የት ያኖሩ እንደ ነበር እስከዚያች ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

እጀታዎቹን እርሷ እንዳለችው ገጠምኋቸው። ከሁለት ቀን በኋላ በሌላው ክፍል ተቀምጬ የቢሮ ወረቀት ሳገላብጥ፣ ያ የናስ እጀታ ሲንኳኳ ሰማሁ፤ ከዚያ የመሳቢያ መከፈት፣ ከዚያ የመቁጠሪያ ድምፅ ተከተለ። ማንም «አምጣልኝ» አላለኝም።

ከጓደኞቼ አንዱ በኋላ መጥቶ ሲያያቸው፣ «ይህን የመሰለ ወርቅማ ቀለም ከየት ገዛኸው?» አለኝ። ቀለም እንደሌለበት ብነግረው አላመነኝም። እርስዎ ግን፣ ውድ አንባቢ፣ ነገ ብሩሽ ሲያነሡ አስቀድመው በማግኔት ይፈትኑ፤ ቀጥለውም በዚያ ቤት ያንን እጀታ ዕለት ዕለት የሚይዘው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። ማግኔቱን ከምናለሽ ተራ በጥቂት ብር ያገኙታል፤ መጠየቁ ግን ምንም አያስከፍልዎትም።